በራሱ የሚነካው ስክሪን

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ጀማለዲን በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ረጅም መልእክት ጻፉ፤ ዘመድ አዝማዱ አንብቦ ሳይጨርስ የረሂማ ታብሌት የተዘቀዘቀ አውራ ጣት ለጠፈበት። መልእክቱ በቢስሚላህ ተጀምሮ፣ ስለ ቤተሰብ አንድነት ትንሽ ካተተ በኋላ፣ የሟች ወንድማቸው የኡበይድ ሚስት ረሂማ ከየካው ቤቷ ወጥታ አያት ኮንዶሚኒየም ልጇ ኢማድ ዘንድ እንደምትገባ፣ ቤቱም ከላምበረት መናኸሪያ ለሚመጡ መንገደኞች አልጋ ቤት እንደሚሆን ያበስራል። መጨረሻው ላይ «መስማማታችሁን በጣታችሁ ግለጹ» ይላል። ከጅማም፣ ከደሴም፣ ከሳሪስም የቆመ አውራ ጣት እየተግተለተለ መጣ። የረሂማ ብቻ በመሃል ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተቀመጠ። ወዲያው ባለ ቁልፏ ትንሿ የረሂማ ስልክ ጮኸች።

«ረሂማ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ሐጂ ጀማለዲን፤ ሰላምታ እንኳን አላስቀደሙም።

«ምኑ ሐጂ?»

«ጣቱ ነዋ!»

«ውይ፣ አስተግፊሩላህ! ስክሪኑ ነው ሐጂ። ያ አመሉ ተነሥቶበት ነው። በራሱ እኮ ነው የሚነካው!»

ይህን ስትል ጣቷ ገና ከመስታወቱ ላይ አልተነሣም ነበር።

በእርግጥ ስክሪኑ ታሟል። ይህ ውሸት አይደለም፣ ቤተሰቡ ሁሉ ምስክር ነው። ታብሌቱን ዓምና ኢማድ ከአንድ ዓመት ዋስትና ጋር ገዝቶ ሲያመጣላት እንደ መስታወት የጠራ፣ ሲነኩት የሚታዘዝ ዕቃ ነበር። ዋስትናው ባለቀ ሰሞን ግን ጠባዩን ለወጠ። ማንም ሳይነካው ፎቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ትርጉም የሌለው ፊደል ይደረድራል። አንድ ቀን እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ የመስጊዱን ኢማም በቪዲዮ ደውሎ፣ ሰውየው የረሂማን ኮርኒስ እያዩ ደጋግመው «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲሉ ቆዩ። ሌላ ቀን የአጎቷ ልጅ ስለ ወገብ ሕመሟ በጻፈችው ላይ አጨበጨበ። መጀመሪያ ረሂማ ደንግጣ ይቅርታ ስትለምን ነበር የምትውለው። ኋላ ግን አንድ ነገር ተገለጠላት። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው «አይ» ብላ አታውቅም፤ አሁን ስለ እሷ ሆኖ «አይ» የሚል ነገር ቤቷ ገብቷል። የባሏ እህት ደውላ ወሬው ሰዓት ሲያልፈው፣ ስክሪኑ መሃል ላይ ይዘጋባታል። ለማታውቀው ሰው ሠርግ መዋጮ የሚሰበስብ ግሩፕ ውስጥ ሲያስገቧት፣ ስክሪኑ ያስወጣታል። ሐጂ ጀማለዲን ስለ ትዕግሥት ራሳቸው የገጠሙትን ግጥም በለጠፉ ዕለትማ ስክሪኑ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚህ ሁሉ ስንቱ የስክሪኑ፣ ስንቱ የረሂማ እንደሆነ የሚያውቁት እሷና አላህ ናቸው፤ እሷም ብትሆን አንዳንዱን ረስታዋለች።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይሠራ» አሉ ሐጂ። «ጀናን መጥታ ትውሰድሽ። ከዐስር ሶላት በኋላ እመጣለሁ፤ ሁሉም እያየ ጣትሽን በደንብ ታስቀምጫለሽ። ነገ ቤቱን የሚከራየው ሰው ሊያየው ይመጣል። በእኛ ቤተሰብ መቼም ሰው ሳይስማማ ምንም አይደረግም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ነች ረሂማን የምታቃጥላት። ሐጂ ጀማለዲን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ ይቀል ነበር። ኡበይድ የሞተ ጊዜ ወገባቸውን ታጥቀው ቀብሩንም ሰደቃውንም የተወጡ እሳቸው ናቸው። ኢማድን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ስኳር ሳይዙ ደጇን ረግጠው አያውቁም። እንዲህ ያለን ሰው ፊት ለፊት እያዩ «አይሆንም» ማለት እንዴት ይቻላል? ምላሷ ይታሰራል። ሐጂ ደግሞ ዝምታን ሁሉ እሺታ አድርገው የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ቤቱ ያረጀ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ ቡና ዓይነት ሆኗል፣ ክረምት ላይ አንድ ጥግ ያንጠባጥባል። መስኮቱ ግን እንጦጦን ያያል። ጠዋት ስትከፍተው የባሕር ዛፉ ሽታ ከብርዱ ጋር ገብቶ አልጋዋ ላይ ይቀመጣል። ግቢው ውስጥ ኡበይድ የተከለው የኮክ ዛፍ አለ፤ በሩ ሥር ያፈሰሰው ሲሚንቶ ላይ ሳይደርቅ የረገጠበት የጫማው ቅርጽ አለ። ከአጥሩ ማዶ ወርቅውሃ አለች፤ በውኃ ወረፋ በየሳምንቱ የምትጣላትና በየሳምንቱ የምትታረቃት ጎረቤት። አያት ያለው የኢማድ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ የተሰቀለው ለጌጥ ይመስላል፤ መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። ረሂማ «ከዚህ ቤት አልወጣም» የሚለውን ቃል ለኮክ ዛፉ ነግራዋለች፣ ለግድግዳውም ነግራዋለች። ለሰው ግን አልነገረችም።

ጀናን ረፋዱ ላይ መጣች። የኢማድ ሚስት ናት፤ አያት አካባቢ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። እንደ እሷ ያለ ትሑት ልጅ ፈልጎ አይገኝም። ችግሩ ከትሕትናው ሌላ ከእሷ ምንም ተሰምቶ አለመታወቁ ነው። ካገባች ጀምሮ ረሂማ ከአፏ የሰማችው «እሺ እማማ» እና «አይቸገሩ እማማ» ብቻ ነው። ሐጂ በተናገሩበት ሁሉ የመጀመሪያውን የቆመ አውራ ጣት የምታስቀምጠው እሷ ናት። ታብሌቱን በሻሽ ጠቅልለው፣ ቻርጀሩን ረሂማ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቁልቁለቱን ወርደው መገናኛ የሚል ሚኒባስ ያዙ። ጉልበቷን የሚያማትን አማቷን ጀናን ደግፋ አስገባቻት፣ መስኮት ዳር አስቀመጠቻት፣ የሁለቱንም ሒሳብ ከፈለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጀናን ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የእርስዎን ክፍል ቀለም እያስቀባነው ነው እማማ።»

«ምን ዓይነት ቀለም?»

«ክሬም።»

«ክሬም ጥሩ ነው። ባዶ ነበር ክፍሉ?»

«አይ፣ የእኔ ጠረጴዛና መጻሕፍት ናቸው ያሉበት። ማስተርሴን የማጠናበት ነበር። አወጣቸዋለሁ፤ ኩሽና ውስጥ ትንሽ ቦታ አለች።»

«ኩሽና ጥሩ ነው፤ ይሞቃል» አለች ረሂማ። ጀናንም «አዎ፣ ይሞቃል» አለች። መገናኛ እስኪደርሱ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ረሂማ በልቧ፣ ይቺ ልጅ እንደ ግድግዳ ናት፣ ብትመታት እንኳን ድምፅ አትሰጥም፣ ከእሷ ጋር ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶብኝ ልሞት ነው አለች።

ታብሌቱ የተገዛበት ድርጅት መስታወት በመስታወት በሆነ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ወንበሮቹ ያንሸራትታሉ፣ ግድግዳው ላይ ታብሌት ታቅፈው የሚስቁ ሰዎች ተለጥፈዋል። ከእነሱ በፊት የነበረው ሰውዬ ስልኩ ውኃ ውስጥ ወድቆበት «ዋስትና ካልሸፈነው ዋስትና ለምንድን ነው?» እያለ መደርደሪያውን ሲደበድብ ቆይቶ በሩን አላትሞ ወጣ። ሔራን የምትባለው የመስተንግዶዋ ልጅ ለሚቀጥለው ጠብ ፊቷን አሰናድታ ተቀበለቻቸው። ደረሰኙን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ትንፋሿን ሳበች።

«እናት፣ በጣም አዝናለሁ፤ ዋስትናው አልፎበታል። ባለፈው ወር ነው ያለቀው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ረሂማ።

ሔራን ቀና አለች። በዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ጀምሮ የለመነም፣ የተሳደበም፣ ያለቀሰም አይታለች፤ ፈጣሪውን ያመሰገነ ግን የመጀመሪያው ነው። ረሂማ ያመለጣትን ቃል ለመመለስ ትንሽ ተንደፋደፈችና «ማለቴ፣ ከዚህ የባሰ አያምጣ ነው» አለች። ጀናን ጣልቃ ገባች፤ «ከዋስትና ውጪ ደግሞ አትሠሩም፣ አይደል?» አለቻት። አጠያየቋ «አዎ አንሠራም» እንድትላት የምትለምን ዓይነት ነበር።

«እንሠራለን። ግን ስክሪኑ ታዝዞ ነው የሚመጣው። ዋጋው የታብሌቱን ግማሽ ያልፋል። ሁለት ወር ይፈጃል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

«ሁለት ወር!» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ፤ አንድ ላይም ተነፈሱ። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ወዲያውም ሁለቱም ወደ ግድግዳው ፎቶ ዞሩ። የሁለቱም አተነፋፈስ ያዘነ ሰው አይመስልም ነበር፤ ረሂማ ግን የሰማችው የራሷን ብቻ ነው። ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ እንኳ ቀለላት። ሁለት ወር ሙሉ ስክሪኑ እንደታመመ ይቆያል፤ በሁለት ወር ውስጥ የሚከራየው ሰው ሌላ ቤት ያገኛል፣ ሐጂም ሌላ ሐሳብ ይመጣላቸዋል። ሐጂ ጀማለዲን ግን በየሰዓቱ የሚደውሉ ሰው ናቸው። የሕንፃውን በር ሳይወጡ የጀናን ስልክ ጠራ፤ እሷም የሆነውን እንዳለ ነገረቻቸው። ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ ለረሂማ ይሰማት ነበር። «የምን ሁለት ወር? ላምበረት ባፈና ጋ ሂዱ! የእኔን ስልክ ስንቴ ከሞት ያስነሣ ልጅ ነው። አሁን እደውልለታለሁ።» ጀናን ስልኩን ዘግታ ለትንሽ ጊዜ ጫማዋን አየች። ከዚያ «እንሂድ እማማ» አለች።

ላምበረት ያው ላምበረት ነው። ረዳቱ «ደሴ! ደሴ የሞላ!» ይላል፣ አውቶቡሱ ግን ባዶ ነው። ተሸካሚው በማዳበሪያ የታሠረ ዓለሙን ጫንቃው ላይ ጭኖ «ዞር በሉ» እያለ ያልፋል። ረሂማ ጉልበቷን ለማሳረፍ የቆመችበት ደጅ ላይ «አልጋ አለ፣ ሻወር አለ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። በተከፈተው በር ውስጥ ጠባብ ግቢ ይታያል። ግድግዳው ሥር ፕላስቲክ ሰንደል ጫማ ተደርድሯል፤ አንድ ሰው በፎጣ ተጠቅልሎ ጥርሱን ይፍቃል፤ ከአንዲት የቆረቆዘች ሎሚ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የወንድ ካልሲ ተሰጥቷል። ረሂማ ካልሲዎቹ ላይ ዓይኗ ቀረ። የኡበይድ ኮክ ዛፍ ላይ የማን ካልሲ እንደሚሰጣ አሰበች። ጀናንም ቆማ የምታየው እሱኑ ነበር። «ይሄ ሎሚ ነው?» አለች ጀናን። «ሎሚ ነበር» አለች ረሂማ።

የባፈና ሱቅ በሻንጣ መሸጫና በዳቦ ቤት መሃል የተሸጎጠች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ባፈና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የስልክ ሬሳ በተከመረበት ጠረጴዛ ጀርባ ተደላድሎ ተቀምጧል። «ማዘር፣ ሐጂ ደውለውልኛል፤ ሐሳብ አይግባዎት» አለ። «እኔ ጋ የመጣ ዕቃ ወይ ተሠርቷል፣ ወይ እየተሠራ ነው!» ታብሌቱን ተቀብሎ ቢነካው ባትሪው አልቆ ኖሮ አልበራም። በራሱ ቻርጀር ሰካውና ገና ሳይነሣ ምርመራውን ጨረሰ። «በቃ፣ ይሄ ጎስት ተች የሚባለው ነው፤ ሳይነኩት በራሱ የሚነካ። ስክሪኑ አልቋል። ኦሪጅናል አሥራ አምስት ሺህ፣ ኮፒ ስምንት ሺህ። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ተከፍቶ፣ ተቀይሮ፣ ታሽጎ ይጠብቃችኋል።»

ሁለት ወር የተባለው ወደ አንድ ሻይ ወረደ።

«ባይከፈትስ?» አለች ጀናን። «አንዴ ከተከፈተ ይብስበታል ይባላል።»

«ማነው ያለው እህት?»

«እንዲያው… ይባላል።»

«ሌላ ጋ ይሆናላ። እኔ ጋ አይባልም!»

ረሂማ ይህን ስትሰማ፣ ይቺ ልጅ ገንዘብ ላይ እጇ ጠበቅ ያለ ነው አለች በልቧ። ሌላ ቀን ቢሆን ታዝናለች፤ ዛሬ ግን ስስቷን መረቀችላት። በዚህ መሃል ታብሌቱ ነቃ። ባፈና «ተመልከቱ፣ አሁን ማበድ ይጀምራል» ብሎ በሁለቱ መሃል አቆመው። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ታብሌቱ ጨዋ ሆኖ ተቀመጠ። ባፈና ግራውን ነካ፣ ቀኙን ነካ፤ የታዘዘውን ብቻ ሠራ። ባፈና መጀመሪያ ትንሽ አፈረ፤ ወዲያው ግን ደረቱን ነፋና «ይኸው! እጄን ሲያይ እንኳን አደብ ይገዛል!» አለ። ረሂማ ግን ድንጋጤ ያዛት። ጤነኛ ነው ከተባለ የጠዋቱ ጣት የማን ሊባል ነው? የልጇ ሕመም የተካደባት እናት ይመስል «የለም፣ የለም፣ ታሟል!» አለችና ቦርሳዋን በርብራ የቤቷን ቻርጀር አወጣች። «እስቲ በዚህ ሰካው፤ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ታያለህ!»

ባፈና ሰካው። ስክሪኑ ዘለለ፣ ፎቶ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ካሜራውን አብርቶ የባፈናን አፍንጫ አነሣ። ባፈና ነቀለው፤ ጸጥ አለ። ሰካው፤ ዘለለ። ነቀለው፤ ጸጥ። ረሂማ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው። አሥራ አምስት ሺውን በገዛ እጇ ወደ ምንም አወረደችው፤ ምንም ደግሞ ሁሉም ሰው የሚችለው ዋጋ ነው።

«ማዘር፣ ስክሪኑ ምንም የለበትም። ያበደው ቻርጀሩ ነው» አለ ባፈና፤ ገበያው ስላመለጠው ድምፁ ቀዝቅዟል። «ይሄን መናኛ ነገር ከየት ነው ያመጡት?»

ያመጡት ሐጂ ጀማለዲን ናቸው። ባለፈው ወር ስኳር ይዘው የመጡ ዕለት፣ ስልካቸው ሞቶባቸው፣ የታብሌቱን ቻርጀር «ለዛሬ ብቻ» ብለው ወሰዱ። በሳምንቱ እሱን በመመለስ ፈንታ ይሄንን ከመናኸሪያው በር ላይ ገዝተው በፌስታል አመጡላት። ረሂማም በሁለት እጇ ተቀብላ መርቃቸዋለች። ስክሪኑ የታመመው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ልብ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ባፈና ቻርጀሩን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረው፤ ለምርመራው አስከፍሎ ሌላ ደህና ቻርጀር ሸጠላቸው። ረሂማ ጎንበስ አለች፣ መጣያው ውስጥ እጇን ሰደደች፣ የተጣለውን አውጥታ በሻሿ ጫፍ ጠራረገችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «የሐጂ ስጦታ ነው፤ አይጣልም» አለች። ጀናን ሁሉንም አይታለች። የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ነቅነቅ አለ። ሱቁን ሲወጡ ግን ፊቷ ጠቁሯል። ረሂማም በከፈለችው ገንዘብ አዝና ይሆናል ብላ ገመተች።

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ፣ ተሠራልዎት» አለቻት ዳገቱን ሲወጡ።

«አሜን» አለች ረሂማ። ከዚህ የተራቆተ አሜን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ቤት ገብተው ሰገዱ፤ ጀናን ብርጭቆ አጠበች፣ ሻይ ጣደች። ረሂማ ብቻዋን ሳሎን ስትቀር ሁለቱን ቻርጀሮች አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አዲሱ ነጭ ነው፣ ያምራል። የሐጂው ጥቁር ሆኖ ሽቦው ጫፉ ላይ ተላጧል። ለረጅም ጊዜ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ አዲሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት የሐጂውን ሰካች። ታብሌቱ በሐጂ ፊት ይዘላል፣ ሐጂ ራሳቸው ያያሉ፣ ባፈናም አልቻለም ይባላል፣ ሁለት ወሩ ይመለሳል። ረሂማ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ያለ ተንኮል መሥራቷ አሳፈራት፤ ደስም አላት፤ ደስታው ግን በለጠ።

ሐጂ ጀማለዲን ከዐስር በኋላ እንዳሉት መጡ፤ ስኳርም ይዘዋል፣ ሙዝም ጨምረዋል። ኡበይድ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስለ ጉልበቷ ጠየቁ፣ የሽንኩርት ዋጋ ስንት እንደገባ ተናገሩ፣ የእንጦጦ ብርድ ዘንድሮ ለሽማግሌ እንደማይሆን፣ አያት ግን ሞቃት እንደሆነ ዳር ዳር አሉ። ጀናን ሻይ ቀድታ አንዲት ኩርሲ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ ስልኳ ጉልበቷ ላይ ነው። «ባፈና ሠራሁት ብሎኛል» አሉ ሐጂ፤ የጠዋቱንም መልእክት እንደገና ግሩፑ ላይ ለቀው ከሥሩ «ረሂማ ስክሪኗ ስለተጠገነ አሁን ቃሏን ትሰጣለች» ብለው ጨመሩበት። ዘመድ ሁሉ ከያለበት ዓይኑን ተክሎ እንደሚጠብቅ ይታወቃል።

ታብሌቱ ጠረጴዛው ላይ እንደታሰበው መዝለል ጀመረ። ካሜራ ከፈተ፣ ዘጋ። የሐጂን የዒድ ፎቶ አወጣና አፍንጫቸውን ብቻ አጎላው። ረሂማ ደረቷን በእጇ ይዛ «አዩልኝ ሐጂ! አልተሠራም እኮ! ይሄው እንደ ልማዱ…» እያለች ሳለ፣ ስክሪኑ በራሱ ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ ገባ፣ የሐጂን መልእክት ረገጠ፣ የቆመ አውራ ጣት አስቀመጠበት። ትንሽ ቆየና ቀይ ልብ ጨመረ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሐጂ ፊታቸው በርቶ። «ልብም ጨመርሽበት!»

ከጅማ ማሻአላህ መጣ። ከደሴ ማሻአላህ መጣ። የባሏ እህት ሦስት አበባ ላከች። ወር ሙሉ «አይ» ሲልላት የኖረው ስክሪን፣ በዚህች ሰዓት ዞሮ «እሺ» አለባት። ረሂማ ሰማይና ምድሩ ተደበላለቀባት። የሚዘለውን መስታወት አየች፣ መስኮቱን አየች፣ የኮክ ዛፉ ቅጠሎች በነፋሱ ይገለባበጣሉ። ካልሲው ትዝ አላት።

«አይ!» አለች። ድምፁ ከየት እንደወጣ ለራሷም አልገባትም። «እሱ እኔ አይደለሁም። ሐጂ፣ እሱ ስክሪኑ ነው። እኔ አልተስማማሁም። ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ረሂማ ፈርታለች፣ አፍራለችም፤ ግን ቃሉ ከወጣ በኋላ ደረቷ ላይ የነበረ አንድ ከባድ ነገር አብሮት ወጥቷል። እጇን ዘርግታ ቻርጀሩን ከግድግዳው ነቀለችው። ታብሌቱ ጸጥ አለ። በሐጂ ፊት፣ በራሷ ጣት፣ የቆመውን አንሥታ የተዘቀዘቀውን አስቀመጠች።

ሐጂ ጀማለዲን ቻርጀሩን ትኩር ብለው አዩት። «ይሄ… እኔ የሰጠሁሽ አይደለም እንዴ?»

«እርስዎ የሰጡኝ ነው።»

«እሱ ነው እንዲህ ሲያደርገው የኖረው?»

«እሱ ነው።»

«የጠዋቱስ ጣት?»

«የጠዋቱ የእኔ ነው ሐጂ። ይቅር ይበሉኝ።»

ሐጂ ሙዝ አንሥተው መላጥ ጀመሩ፤ ግማሽ ልጠው ተዉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግጥሙ ላይ የሳቀውስ?» አሉ።

ረሂማ አየቻቸው። ኡበይድን የቀበሩ፣ ልጇን ያሳደጉ ሽማግሌ ናቸው። «እሱ ስክሪኑ ነው» አለች። ሐጂ በረጅሙ ተነፈሱ።

በዚያች ቅጽበት የሐጂ ስልክ ድምፅ አሰማ። አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አነበቡት። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ የቆመው የጀናን አውራ ጣት ቁልቁል ተዘቅዝቋል። ሐጂ ቀስ ብለው ወደ ኩርሲው ዞሩ። ጀናን ስልኳን እንደ እንግዳ ነገር ከጉልበቷ ላይ አንሥታ «ውይ!» አለች፤ ዓይኗ ፈጥጧል። «ይቅርታ ሐጂ! የእኔም ጀመረው!»

ስልኳ ከምንም ቻርጀር ጋር አልተያያዘም ነበር። ረሂማ አየችው፣ ከዚያ ልጅቷን አየቻት። ክሬም ቀለሙ፣ ኩሽና ውስጥ ያለችው ትንሽ ቦታ፣ «አትሠሩም አይደል» ማለቷ፣ «ይብስበታል ይባላል» ማለቷ፣ የሁለት ወሩ ትንፋሽ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ተመለሰላት። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር እየለመኑ ጎን ለጎን ሲሄዱ ውለዋል። ግድግዳ ናት ያለቻት ልጅ ከግድግዳው ማዶ የምታንኳኳ ኖራለች። ረሂማ ሳቋን ለመያዝ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች፤ አልቻለችም፤ ትከሻዋ ብቻ ይነቃነቃል። ጀናንም ብርጭቆ የምታነሣ መስላ ወደ ጓዳ ሸሸች።

ሐጂ ጀማለዲን የተዘቀዘቁትን ሁለት ጣቶች ስልካቸው ላይ ቆጠሩ። በቤተሰባቸው ሰው ሳይስማማ ምንም እንደማይደረግ ራሳቸው ተናግረዋል፤ የሰማ ሁሉ ያስታውሳል። በመጨረሻ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ተነሡ። «ዛሬ ኔትወርኩ ልክ አይደለም» አሉ። «ለሰውየው እደውልለታለሁ፤ ነገ አይምጣ። ሌላ ጊዜ እናየዋለን።» ሌላ ጊዜ ማለት በሐጂ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። በሩ ላይ፣ ኡበይድ የረገጠው ሲሚንቶ አጠገብ ሲደርሱ፣ እንዳይረግጡት ዞር ብለው አለፉት።

ጀናን ለመሄድ ቦርሳዋን ስታነሣ ረሂማ ጥቁሩን ቻርጀር በጥንቃቄ ጠቅልላ፣ በተላጠው ጫፉ ላይ ላስቲክ አሥራ፣ እጇ ላይ አኖረችላት።

«ያዢ ልጄ። ለስልክሽ ይሁንሽ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የተበላሸው ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ረሂማ። «ሰው ከጠየቀሽ የምታሳዪው ያስፈልግሻል።»